ጌት ማለት «አገኘ» ነው ያለው ማነው?

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በሕይወታችሁ መጀመሪያ የሰማችሁት «ጌት» የትኛው ነው? የግቢውን ጌት አይደለም የምላችሁ፤ እሱማ ዘበኛ አለው። የእንግሊዝኛውን ግሥ ነው። እዚህ አገር የተማርን ልጆች መልሳችን አንድ ዓይነት ይመስለኛል፦ «ጌት አውት!»

ቲቸር ጠመኔውን ይዞ ወደ ሰሌዳው እንደዞረ ከኋላ አንዱ ይስቃል። ማን እንደሳቀ አይጣራም። «አንተ! ጌት አውት!» … በቃ። ይቺን ለመረዳት መዝገበ ቃላት የገለጠ ተማሪ እስከዛሬ አልተሰማም። ቲቸሩ ሒሳብ ያስተምር ስፖርት፣ ማባረሪያው በእንግሊዝኛ ነው። የአማርኛ አስተማሪያችን እንኳ ሰዋስው እያስተማሩ ቆይተው ሲናደዱ «ጌት አውት» ነበር የሚሉት። (ንዴት በአማርኛ አይወጣም እንዴ?)

ትንሽ ከፍ ስንል የግሥ ዝርዝር መጣ። ጌት፣ ጋት፣ ጋት። ትርጉሙ፦ አገኘ። ተገለበጠ፣ ተሸመደደ፣ ፈተና ላይ መጣ። ሌላ ትንሽ ከፍ ስንል ደግሞ አዲስ መመሪያ ወረደ፦ «ድርሰት ላይ ጌት ብሎ ነገር አልወድም! ኦብቴይን በሉ፣ ሪሲቭ በሉ፣ አኳየር በሉ። ሲኖኒም የለም እንዴ?» እንግዲህ ይታያችሁ። መጀመሪያ ተባረርንበት፣ ቀጥሎ ተፈተንበት፣ በመጨረሻ ተከለከልን። በመካከሉ ማንም ቁጭ አድርጎ ይሄ ቃል ምን እንደሚሠራ የነገረን የለም።

ብዙ ነገር ነው የሚሠራው። እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት አንድ ሰው ቀኑን እንዴት እንደሚያወራው ስሙት። ጠዋት ጌት አፕ ይላል። ጌት ድረስድ ይላል። ባሱን ጌት ያደርጋል። መንገድ ላይ ዝናብ ስላገኘው ዌት ጌት ያደርጋል፣ ቱ ወርክ ጌት ያደርጋል፣ ስልክ ጌት ያደርጋል፣ አለቃው ሲነዘንዘው አንግሪ ጌት ያደርጋል፣ የወሩ መጨረሻ ስለሆነ ፔይድ ጌት ያደርጋል፣ ማታ ሆም ጌት ያደርጋል፣ ታየርድ ጌት አድርጎ ይተኛል። አሁን ይሄንኑ ሰውዬ ወደ አማርኛ አምጡት። ተነሳ፣ ለበሰ፣ አውቶብስ ያዘ፣ በሰበሰ፣ ሥራ ገባ፣ ተደወለለት፣ ተናደደ፣ ተከፈለው፣ ቤቱ ደረሰ፣ ደከመው። ቁጠሩልኝ። አሥር ጊዜ ጌት ብሎ ውሏል፤ አንዱም ጋ «አገኘ» አይሆንም። ያገኘው ነገር ቢኖር ዝናቡ ነው፤ እሱም ሰውዬውን ያገኘው ዝናቡ ነው እንጂ ሰውዬው ዝናቡን አይደለም።

ለነገሩ ቃሉ ራሱ እንግሊዝ ውስጥ እንግዳ ነው። ከ8ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በመርከብ እየመጡ እንግሊዝን ያስጨነቁት ቫይኪንጎች ናቸው ያመጡት። መጀመሪያ ዘረፉ፣ በኋላ ሰፈሩ፣ ከዚያ ተጋቡ፣ ቋንቋቸውንም ትተው ሄዱ። ዛሬ ያለነሱ እንግሊዝኛ አይነገርም፤ «እነሱ» የሚለው ዴይ የነሱ ነው፣ ቴክ የነሱ ነው፣ ስካይ፣ ኤግ፣ ዊንዶው፣ ሐዝባንድ ሁሉ የነሱ ነው። ጌትም የነሱ ነው። በቫይኪንጎቹ ቋንቋ ግሡ ሲነበብ «ጌታ» ወደሚለው ነው የሚቀርበው። (ዝምድና የለውም፤ የአጋጣሚ ነገር ነው። እንዲያው ደስ ስላለኝ ነው የጻፍኩት።)

እንግሊዞቹ ራሳቸው የዚሁ ሥር ዘመድ ነበራቸው፤ ብቻውን አይቆምም፣ ከሌላ ቃል ጋር እየተጣበቀ ነበር የሚኖረው። አንዱ እስከዛሬ አለ፦ ፎርጌት። ሆዱ ውስጥ ጌትን ይዞ የሚዞር ቃል ነው። የሥሩ የጥንት ትርጉም «ጨበጠ፣ ያዘ» ነው፤ ስለዚህ ፎርጌት ማለት የያዙት ነገር ከእጅ ሲያመልጥ ማለት ነው። እኛ ረሳን የምንለውን እነሱ «ለቀቅን» ይሉታል ማለት ነው። እንግዲህ ደብተራችን ላይ ከ«አገኘ» ይልቅ «ያዘ» ተብሎ ቢጻፍልን ኖሮ ግማሹ መንገድ ይቀልልን ነበር። ታክሲ ያዝን፣ ጉንፋን ያዘን፣ ሌባውን ያዝነው … ሦስቱም ጌት ናቸው።

ኦብቴይንና ሪሲቭ ግን ሌላ ሰፈር ነው ያደጉት። በ1066 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ኖርማኖች እንግሊዝን ወረው ቤተ መንግሥቱንና ፍርድ ቤቱን ያዙ። ከዚያ ወዲያ የቢሮ፣ የሕግና የትምህርት ቃላት ከፈረንሳይኛና ከላቲን ይጎርፉ ጀመር። ገበሬው ጌት እያለ ቀረ፤ ጸሐፊው ኦብቴይን አለ። እኛም ቤት ያለ ነገር ነው። አገኘ አለ፣ ረከበ ደግሞ ከግዕዝ አለ። ግዕዙ ረከበ «አገኘ» ማለት ነው፤ አማርኛችን ውስጥ ግን ንብረት ክፍል ቁጭ ብሎ ማኅተም ይጠብቃል። «ቁልፉን አገኘሁት» ያለ ሰው ተደስቷል፤ «ቁልፉን ተረከብኩ» ያለ ሰው ፈርሟል። ሲኖኒም ናቸው ብላችሁ አቀያይሯቸው እስቲ! «የጠፋች ድመቴን ተረከብኳት» ብትሉ ሰው ምን ይላችኋል? ዕቁብ ይወጣል፣ ውርስ ይደርሳል፣ ደመወዝ ይቀበሉታል፣ ድል ይጎናጸፉታል (ያውም ዜና ላይ ብቻ)። ሁሉም «ማግኘት» ናቸው፣ አንዱ በሌላው ወንበር አይቀመጥም።

እኛ የተማርነው እንግሊዝኛ የጸሐፊውን ነው። ስለዚህ የኛ ሰው እንግሊዝኛ ሲናገር ኖታሪ ፊት የቆመ ይመስላል። የጠፋ ሻንጣ ለመጠየቅ «ሃቭ ዩ ኦብቴይንድ ማይ ላጌጅ» ይላል። ስሕተት የለበትም። ሰዋስው ቢፈተሽ ንጹሕ ነው። ግን የጠፋ ድመት መረከብ ነው።

ስለዚህ ቃል ብዛት ለሚደነቅ ሰው ይቺን ልጨምርለት። የኦክስፎርዱ ትልቁ መዝገበ ቃላት በ1989 እ.ኤ.አ. ሁለተኛ እትሙ ሲወጣ ክብረ ወሰኑ የ«ሴት» ነበር (ማስቀመጡ ሴት፣ የኛዋን ሴት አይደለም)፤ ወደ 430 ትርጉም ተቆጥሮለታል። በኋላ «ረን» ቀደመው። ፒተር ጊሊቨር የሚባለው የመዝገበ ቃላቱ አዘጋጅ ያቺን አንዲት ቃል ይዞ ዘጠኝ ወር ያህል ተቀምጦ፣ በግሥነቷ ብቻ 645 ትርጉም ለይቶ ተነሳ። በሩጫ የታወቅነው እኛ፣ ሮጠን የጨረሱት እነሱ። ከዚህ የምንረዳው ነገር ቢኖር በአንድ ቋንቋ ውስጥ ብዙ የሚሠሩት ትላልቆቹ ቃላት አይደሉም፤ አንድ ክፍለ ቃል ያላቸው፣ ሕፃን የሚላቸው፣ አስተማሪ የማይቆጥራቸው ናቸው።

አማርኛስ ጌት የለውም? ብዬ አንድ ሰሞን ታክሲ ውስጥም፣ ወረፋ ላይም ሳስብ ከርሜ ነበር። አለው፤ ግን ግማሹን ቃል አድርጎ አላስቀመጠውም። ፊደል አድርጎታል። ከፈለ፣ ተከፈለ። ዘረፈ፣ ተዘረፈ። እነሱ «ጌት ፔይድ»፣ «ጌት ሮብድ» ለማለት አንድ ሙሉ ግሥ ሲያሰልፉ እኛ አንዲት «ተ» ከፊት ሰክተን እናልፋለን። ሰውን አግባብቶ ወይ ከፍሎ ማሠራትንም ጌት ነው የሚሉት፤ እኛ «አስ» አለችን። ቆረጠ፣ ተቆረጠ፣ አስቆረጠ። መኪናዬን አሳጠብኩ ስትሉ አንድ ቃል ነው የተናገራችሁት፤ እንግሊዝኛው ጌት፣ መኪና፣ መታጠብ ብሎ ሦስት ቦታ ነው የሚበትነው። ይሄን ያክል ቁጠባ ያለው ቋንቋ እየተናገርን «አማርኛ ቃላት ያጥረዋል» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ምን እንደምለው አላውቅም።

ከሁሉም የምትገርመኝ ግን «ገባኝ» ናት። እነሱ «አይ ጌት ኢት» ሲሉ ነገሩን ይይዙታል፤ ሰውየው ነው አዳኙ። እኛ ጋ ነገሩ ራሱ ይመጣል፣ በር ያንኳኳል፣ ይገባል። እኔ ቁጭ ብዬ ነው የምጠብቀው። ሳይገባ ከቀረም ጥፋቱ የነገሩ እንጂ የኔ አይደለም። (ፈተና የወደቀ ተማሪ «አልገባኝም» ሲል እንዴት እንደሚቀለው አስቡት!)

ሌላው ግማሽስ? እሱ ሳህን ላይ ነው። እኛ ጌት የምንለው ነገር «በላ» ነው! ዕቁብ በላ። ዋንጫ በላ። ጉቦ በላ። ድሮ ደግሞ አገር ሁሉ ይበላ ነበር፤ ግዛት የተሰጠው መኳንንት «እንዲህ ያለውን አገር በላ» ይባልለታል። ሁሉም እንግሊዝኛ ላይ ጌት ናቸው። በ«ተ» ስትሆን ደግሞ ትገለበጣለች፤ ካርታ ላይ የተሸነፈ ተበላ፣ ደላላ ያታለለው ተበላ። ከዚያም አልፎ እጅ ይበላል (ያሳክካል ማለት ነው)፣ ብር ወስዶ የካደ ሰው ይበላል፣ ነጋ ጠባ ማስፈቀድ ጊዜ ይበላል። አንድ ፈረንጅ አማርኛ ለመማር መጥቶ «በላ» ማለት «ምግብ ወደ አፉ አስገባ» ነው ተብሎ ይጻፍለትና ሸምድዶ ይውጣ። ከዚያ ጎረቤቱ «ዕቁብ በላሁ» ስትለው ገንዘቡን ስታኝክ ነው የሚታየው። እኛና ጌት እንዲያ ነን።

አሁን ወደ እህቴ ልውሰዳችሁ።

እታለም እንላታለን ቤት ውስጥ፤ ታላቄ ናት። በ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እንግሊዝኛዋ «ዲ» ነበር። እንግሊዝኛ ደግሞ እንደምታውቁት በዚህ አገር አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ሁለተኛ ደረጃንና ከዚያ በላይ ያለውን በሙሉ በእንግሊዝኛ አድርጎታል፤ ባዮሎጂውም፣ ታሪኩም፣ ጂኦግራፊውም በሱ በኩል ነው የሚገባው። እሱ ያልገባው ሰው ላይ በሩ ሁሉ ይዘጋል። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየክፍሉ የተተከለው ፕላዝማ የሚሉት ቴሌቪዥን ደግሞ ጥያቄ ይጠይቅና መልሱን ራሱ ነግሮን ይሄድ ነበር። እታለም ከነዚያ ክፍሎች በአንዱ ወጥታ በ2004 ዓ.ም. ዱባይ ሄደች።

አሠሪዎቿ ከአሜሪካ የሄዱ ባልና ሚስት ናቸው፣ ሁለት ልጆች ያሏቸው። ምግብ የምትሠራው ፊሊፒናዊት ናት። ስለዚህ የቤቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ ዓረብኛ ደጅ ነው የሚቀረው። እታለም እዚያ ቤት በገባች በሳምንቷ አንድ ደብተር ገዛች። የሰማችውን ሁሉ በኛው ፊደል ትጽፋለች፣ ከጎኑ ምን ስትሠራ እንደተባለች ትጽፋለች። ትርጉሙን አይደለም ልብ በሉ፤ ምን እንዳደረገች ነው።

ደብተሩን አይቼዋለሁ። ከገጽ ሁለት ጀምሮ ጌት ብቻ ነው። «ጌት ዘ ዶር» ይላል፤ ከጎኑ፦ «ሰው መጥቷል፣ ክፈቺ»። «ጌት ዘ ፎን»፦ «አንሺው፣ ግን አታውሪ፣ ለማዳም ስጪ»። «ጌት ዘ ኪድስ»፦ «አውቶብሱ 2:40 ላይ ይቆማል»። «ጌት ሬዲ»፦ «ልንወጣ ነው፣ ትንሹን ሽንት ቤት ውሰጂ»። «ጌት ሪድ ኦፍ ኢት»፦ «ጣይው። ምግብ ቢሆንም ጣይው»። ይቺኛዋ ስር ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። «ጌት ሎስት»፦ «ለውሻው ነው የሚባለው»፤ ዝቅ ብሎ በሌላ እስክሪብቶ፦ «ለሰውም ይባላል»። «ጌት ሰም ረስት»፦ «ማዳም ደስ ብሏታል»። «ጌት ኢት?»፦ «የስ ማም። አልገባኝም አይባልም»።

ቆጠርኩት። 34 ጌት አለ። «አገኘ» የሚል የለም። ሁሉም ትእዛዝ ነው፤ ቲቸራችን ከጀመሩበት «ጌት አውት» ብዙም አልራቀም። ቃሉ እስኪጨመቅ ተጨምቆ አንድም ጊዜ የሚሰጥ ነገር አልወጣውም። አንዷ ብቻ አለች፤ ወሩ በገባ በአምስተኛው ቀን «አይ ጌት ፔይድ»። እሷን የጻፈችበት መስመር ከሌላው ሁሉ ሰፋ ብሏል።

በ2008 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ አባዬ ታመመ። ሐኪሞቹ ብዙም ተስፋ አልሰጡንም። እታለም ለማዳም ነገረቻትና ማታ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። እኔ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ፤ የቤቱ እንግሊዝኛ ዐዋቂ እኔ ነኝ በቃ። «ማሙሽ» አለችኝ፣ «‹ዩ ዶንት ጌት ቱ ጎ ናው› አለችኝ። ምን ማለት ነው? አታገኚም ማለቷ ነው? ምኑን ነው የማላገኘው? ትኬቱን ነው?»

ይቺ «ጌት ቱ» የምትባለው ክፉ ናት። ከማግኘት አይደለችም፣ ከመያዝም አይደለችም። አንድን ነገር ለማድረግ መታደል፣ መፈቀድ፣ ተራ መድረስ … እነዚህ ሁሉ ተደባልቀው ነው። ልጅ ሆነው ቅዳሜ ማታ አምሽተው ፊልም ሲያዩ «ዊ ጌት ቱ ስቴይ አፕ» ይላሉ፤ ደስታ ነው። «ዶንት» ሲገባባት ግን በሩ ላይ የቆመ ሰው ትሆናለች፤ «ይሄ ለአንቺ የሚገባሽ ነገር አይደለም» ማለት ነው። የሚገርመው በቫይኪንጎቹ ቋንቋ «ጌታ» የሚለው ግሥ ከትርጉሞቹ አንዱ «ቻለ» ነበር። አይስላንድ ውስጥ እስከዛሬ አንድ ሰው «እችላለሁ» ሲል ጌት ነው የሚለው። ያቺ ጥንታዊ «መቻል» ሺሕ ዓመት ተጉዛ ዱባይ ወጥ ቤት ውስጥ እህቴን «አትችይም» ያለቻት ትመስላለች።

እንዲህ አድርጌ አላስረዳኋትም በርግጥ። «አሁን መሄድ አልተፈቀደልሽም፣ ወሳኟ እኔ ነኝ ማለቷ ነው» አልኳት። ሁለተኛው መልእክቷ አጭር ነበር። «ይሄን ሁሉ በዚች ቃል ነው ያለችኝ?»

እዚህ ጋ ነው ፊሊፒናዊቷ የምትገባው። እሷ እዚያ አገር 14 ዓመት ኖራለች፤ የማዳሞችን እንግሊዝኛ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ነው የምትገነጥለው። እንዳትለምኚ አለቻት። ፕሊስ አትበይ፣ አታልቅሺ። ያንኑ ቃል መልሰሽ ስጫት። በማግስቱ እታለም ቡናውን አቅርባ ቆመችና «ዌን ዱ አይ ጌት ቱ ጎ?» አለች። መቼ ነው የምሄደው?

አያችሁት? ጥያቄው ውስጥ መሄዷ ያለቀ ጉዳይ ነው። የቀረው ቀኑ ብቻ ነው። ማዳም «አትሄጂም» ለማለት አዲስ ዓረፍተ ነገር መጀመር ነበረባት፤ ሰው ደግሞ ጠዋት ቡና ይዞ አዲስ ጸብ መጀመር ይከብደዋል። «ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ» አለች። እታለም ሰኔ ላይ መጣች። 19 ቀን ከአባዬ አልጋ አጠገብ ፍራሽ አንጥፋ ተኛች፤ ገላውን አጠበችው፣ ተሳሳቁ፣ አንድ ቀን እንደውም ተጣሉ (በሬዲዮ ጉዳይ)። ተመልሳ ከሄደች በኋላ በጥቅምት አባዬ አረፈ።

ደብተሩ ላይ የ«ጌት ቱ» ቦታ የመጨረሻው ገጽ ነው። ትእዛዝ ያልሆነች ሁለተኛዋ ጌት ናት። ከጎኗ የተጻፈው፦ «መታደል። አባዬን አየሁት»።

ቮልፍ ሌስላው የሚባሉ ሊቅ ነበሩ፤ በ1906 እ.ኤ.አ. ፖላንድ ተወልደው፣ ዕድሜያቸውን በኢትዮጵያ ቋንቋዎች ላይ ጨርሰው፣ በ100 ዓመታቸው አሜሪካ ያረፉ። በ1973 እ.ኤ.አ. ያወጡት የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ቃሉን ብቻውን አያስቀምጥም፤ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ያስገባዋል፣ አማርኛውንም በዚያው መልክ ይሰጣል። ቃል ያለ ጎረቤት ትርጉም የለውም ብለው ያመኑ ሰው ናቸው። እታለም ስማቸውን ሰምታ አታውቅም። የሠራችው ግን ያንኑ ነው፤ ያውም የእያንዳንዱን ዋጋ ጨምራ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ የኪስ መዝገበ ቃላት ስገልጥ «አገኘ» ነበር የሚለኝ።

በ2011 ዓ.ም. ጠቅልላ መጣች። አንድ የእንግዳ ማረፊያ (ስሙ ይቅር) ሥራ አመለከተች፤ እንግዳ መቀበያው ላይ። ቃለ መጠይቁን ያደረገላት ሰው ወረቀቷን አየና የ10ኛ ክፍሉን «ዲ» አየ። ላውንድሪ ቀጠራት። እንግዳ መቀበያው ላይ ዲግሪ ያላት ልጅ ተቀመጠች፤ ጎበዝ ልጅ ናት፣ ጥፋት የለባትም፣ ሲኖኒሞቹን በሙሉ ታውቃቸዋለች። ታዲያ አንድ ሌሊት አንድ እንግዳ ከአውሮፕላን ወርዶ፣ በሩ እምቢ ብሎት፣ ተናዶ፣ በፍጥነት ሲናገር ልጅቷ ምኑንም መያዝ አቃታት። «ካንት ጌት ኢን»፣ «ኪፕስ ጌቲንግ ስታክ»፣ «ጌት ሰምዋን» እያለ ነው ሰውዬው። «እታለምን ጥሯት» ተባለ። ከነሽርጧ ወጣች። በሩ ቁልፉ እየነከሰ እንደሆነ፣ አሁን ሰው እንደሚመጣለት፣ እስከዚያ ሻይ እንደሚጠጣ ነገረችው። ሰውዬው ሳቀ፣ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ ከተናደደ እንግዳ ጋር የምታወራው እሷ ናት። ደመወዟ የላውንድሪ ነው። ሁለት ጊዜ ጠየቀች፤ «ሰርተፊኬት አምጪ» አሏት። ማታ ማታ የሚያስተምር ቦታ ሄዳ ብትመዘገብ መጀመሪያ የሚያስተምሯት ምን እንደሆነ እናንተም እኔም እናውቃለን። ጌት፣ ጋት፣ ጋት፣ አገኘ። በእንግሊዝኛ የሚያስብና በእንግሊዝኛ የሚፈተን ሰው ሁለት የተለያየ ሰው የሆነበት አገር ነው ያለነው። ለዚህ ደግሞ ተማሪውን አልወቅስም፤ የሚለካውን ነው የምወቅሰው። ዓረፍተ ነገር የማይሰጥ ፈተና የሚለካው ትውስታን ነው።

ባለፈው እሑድ ደብተሩን ስጪኝ፣ ተይቤ ላስቀምጥልሽ፣ ሽፋኑ እየተቀደደ ነው አልኳት። ቡና እየቆላች ነበር። ትንሽ አሰበችና ሰጠችኝ። «ማሙሽ» አለችኝ፣ «ገጽ ሦስት ላይ ስለ ማዳም የጻፍኩት አለ፤ እሷን ዝለላት»። ሄጄ መጀመሪያ የገለጥኩት ገጽ ሦስትን ነው። እኔ እንኳ የማላውቃቸው ሦስት አማርኛ ስድቦች አሉ፤ አንዱም ሲኖኒም የለውም።